ቤንዚኑን አውጥቶ ናፍጣ ማስገባት፦ ለድሮ ፎር ዊል ያዋጣል ወይ?

ጥያቄው ሁሌም የሚነሳው ነዳጅ ማደያ ላይ ነው። ታንኩ ይሞላል፣ ሒሳቡ ይከፈላል፣ ሦስት ቀን ሳይቆይ ቀስቱ ተመልሶ ታች ይወርዳል። ያኔ አንድ ሰው ብቅ ይልና «ምን ያስጨንቅሃል፣ ናፍጣ አስገባበት» ይላል። ምክሩ ቀላል ነው። ሥራው ግን ቀላል አይደለም።

ሞተር አስቀይረው ደስ ብሏቸው የሚነዱ ሰዎች አውቃለሁ። ሥራው መሀል ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ አንድ ጥግ፣ ካምቢዮው ሌላ ጥግ ተጥሎ፣ ጎማው ሥር ሣር የበቀለበት መኪናም አይቻለሁ። ሁለቱን የለየው የመካኒኩ ጉብዝና ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የለያቸው መፍቻ ከመነሳቱ በፊት የተሠራ ወይም ያልተሠራ ሒሳብ ነው።

ስለዚህ እዚህ ሞተር እንዴት እንደሚገጠም አላሳያችሁም። የማሳያችሁ መገጠም አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን እንዴት እንደምትወስኑ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱባቸው። አንዳንዶቻችሁ ሦስተኛው ላይ ትቆማላችሁ፤ እሱም ትልቅ ትርፍ ነው።

ደረጃ 1፦ ለምን እንደፈለጋችሁት ጻፉ

በጭንቅላት ሳይሆን በወረቀት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ነዳጅ ስለበዛብኝ» ይሆናል። «ሞተሩ ስላለቀ፣ ለማንኛውም ወጪ ስላለብኝ» ይሆናል። «ማደያ በሌለበት ሩቅ ስለምሄድ» ይሆናል። መልሱ የተለያየ ስለሆነ ምክንያቱን መለየት ግድ ነው።

የርቀቱ ጉዳይ እውነተኛ ምክንያት ነው። 90 ሊትር በሚይዝ ታንክ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር የሚጠጣ መኪና 450 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 13 ሊትር የሚጠጣው ወደ 690 ይደርሳል። በረሃ ለሚያቋርጥ ሰው ይህ ልዩነት ከገንዘብ በላይ ነው። ውኃ ለሚሻገርም እንዲሁ። የድሮ ናፍጣ ሞተር ካንዴላም ኮይልም ስለሌለው የሚረጥብበት የእሳት መስመር የለውም።

«ናፍጣ ጉልበት አለው» የሚለው ምክንያት ላይ ግን ቆም በሉ። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የቶዮታ ላንድክሩዘርን 1ኤፍዜድ የተባለውን 4.5 ሊትር ቤንዚን ሞተር ውሰዱ። ኢንጄክሽን ያለው ከ200 በላይ የፈረስ ጉልበት አለው፤ ቶርኩም፣ ማለትም የማዞር ኃይሉ፣ ከ370 ኒውተን ሜትር ያልፋል። ብዙ ሰው በሱ ፋንታ የሚመኘው 1ኤችዜድ የተባለው 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ወደ 130 የፈረስ ጉልበትና 285 ኒውተን ሜትር ነው ያለው። 1ኤችዜድ ዕድሜ የሚሰጥ፣ የታመነ ሞተር ነው። ነገር ግን ከ1ኤፍዜድ ወደሱ የሄደ ሰው ዳገት ላይ ከኋላው የሚጮኽበት መኪና ይበዛል። ናፍጣው ጉልበቱን ዝቅ ባለ ዙር ላይ ስለሚያወጣ በመጀመሪያ ማርሽ ሲነሳ የበረታ ይመስላል። እኩል ጉልበት የምትፈልጉ ከሆነ የምትፈልጉት ቱርቦ ያለውን ነው። ያ ደግሞ ሌላ ዋጋ ነው።

ደረጃ 2፦ በእውነት ስንት እንደሚጠጣ ለኩ

«ብዙ ይጠጣል» ቁጥር አይደለም። ታንኩን አፉ ድረስ ሙሉ። ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። እንደወትሮው ንዱ። ከዚያ በዚያው ማደያ፣ በተመሳሳይ አቋም ቁሙና መልሳችሁ አፉ ድረስ ሙሉ። የገባውን ሊትር በተነዳው ኪሎ ሜትር አካፍሉና በ100 አባዙ። ይህን ሦስት ጊዜ አድርጉ። አንድ ጊዜ ያታልላል።

ጎማ የቀየራችሁ ሰዎች አንድ ነገር ጨምሩ። ፋብሪካው 31 ኢንች አድርጎት እናንተ 33 ከገጠማችሁ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው አሳንሶ ነው የሚነግራችሁ። 400 ሲል በእውነት ወደ 426 ሄዳችኋል። 80 ሊትር ከጠጣ፣ ያለማስተካከያው 20 ሊትር በ100 ይመስላል፤ በእውነት ግን 18.8 ነው። መኪናው ያልሠራውን ጥፋት አትጫኑበት።

የት እንደምትነዱም ጻፉ። ናፍጣ ቤንዚንን በሰፊው የሚበልጠው ሞተሩ ሳይጨነቅ ሲሠራ ነው፤ ከተማ ውስጥ፣ ቆም ሄድ በሚበዛበት። የቤንዚን ሞተር ያኔ በግማሽ በተዘጋ ጉሮሮ (የአየር መግቢያ) ነው የሚተነፍሰው። የድሮው ናፍጣ ጉሮሮው ክፍት ነው። መጭመቂያውም ይበልጣል፤ የድሮ ቤንዚን አየሩን 8 ወይም 9 እጥፍ ሲጨምቅ፣ ናፍጣው ከ18 እስከ 22 እጥፍ ይጨምቃል። በዚያ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ጉልበት ይዟል። ጭነት ሞልታችሁ ሁልጊዜ በፍጥነት የምትሮጡ ከሆነ ግን ልዩነቱ ይጠብባል።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ ቤንዚኑን አክሙት

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። የታመመ ቤንዚን ሞተርን ከጤነኛ ናፍጣ ጋር ያወዳድራል። ውድድሩ ገና ሳይጀመር ፍርዱ ተሰጥቷል ማለት ነው።

አንድ ወዳጄ በ100 ኪሎ ሜትር 21 ሊትር የሚጠጣ ፎር ዊል ነበረው። ናፍጣ ሞተር ሊገዛ ቀብድ ሊከፍል ሲል አብረን ወጣ አልን። ግማሽ ሰዓት ነዳን። የሙቀቱ ቀስት ከሩብ አላለፈም። ኮፈኑን ከፍተን የቴርሞስታቱን ክዳን ፈታን። ውስጡ ባዶ ነው። ከዓመታት በፊት ሞተሩ ሲሞቅ የሆነ ሰው ቴርሞስታቱን ነቅሎ ጥሎታል። ሞተሩ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞቆ አያውቅም። ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ነዳጅ አብዝቶ ነው የሚጠጣው፤ ኮምፒውተሩ ገና ጠዋት የተነሳ ይመስለዋል። ቴርሞስታት ገባ። የሞተ ኦክስጅን ሴንሰር ተቀየረ። የኋላ ግራ ጎማ ከመሬት ሲነሳ በእጅ አልዞርም አለ፤ ፍሬኑ ይዞታል። እሱም ተሠራ። መኪናው 17 ላይ ቆመ። ቀብዱም ሳይከፈል ቀረ።

እናንተም እነዚህን እዩ። የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላዎቹና ገመዶቹ፣ የጎማ ነፋስ፣ የሚይዝ ፍሬን፣ ቴርሞስታት። ካርቡራተር ከሆነ መታጠብና መስተካከል፤ ኢንጄክሽን ከሆነ ኦክስጅን ሴንሰርና የሚያንጠባጥብ ኖዝል። ያለ ሥራ ጣሪያ ላይ የተጫነ ፖርታባጋሊያ ካለ አውርዱት፤ ንፋስ እየገፋ ነዳጅ ይበላል።

ከዚያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚጨምቁበትን ግፊት፣ አስለኩ። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የነዳጅ መርገጫው እስከ ታች ተረግጦ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ውስጥ ከሆነና ቁጥሩ ራሱ ለሞተሩ ከተጻፈው ካልራቀ፣ ገና ዕድሜ ያለው ሞተር ነው የያዛችሁት። አንዱ ሲሊንደር በጣም ከወረደ ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ መልሳችሁ ለኩት። ከፍ ካለ ችግሩ የፒስተን ቀለበቶቹ ናቸው። ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው።

አሁን አዲሱን የነዳጅ ቁጥር ጻፉ። ከናፍጣው ጋር የሚወዳደረው ይኼኛው ነው።

ደረጃ 4፦ ወጪውን በሊትር ቁጠሩ

የነዳጅ ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል። የሞተር ዋጋም እንዲሁ። እኔ ስለዚህ ገንዘቡን ትቼ በሊትር እቆጥራለሁ። ለለውጡ የሚወጣውን ጠቅላላ ወጪ በአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ አካፍሉት። «ሥራው ስንት ሊትር ቤንዚን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለምሳሌ 7,000 ሊትር ወጣ እንበል። መኪናው ሳይታከም 20 ሊትር ይጠጣ ነበር፤ ናፍጣው 13 ይጠጣል። የሁለቱ ነዳጅ ዋጋ እኩል ከሆነ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 7 ሊትር ታተርፋላችሁ። ወጪው የሚመለሰው 100,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። በዓመት 10,000 ለሚነዳ ሰው አሥር ዓመት።

አሁን በታከመው ቁጥር ሥሩት። ከ17 ወደ 13፣ ትርፉ 4 ሊትር። 7,000 ሊትር የሚመለሰው 175,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ያው ሰው አሥራ ሰባት ዓመት ተኩል ይጠብቃል። በዓመት 40,000 የሚነዳው ግን ከአራት ዓመት ትንሽ አለፍ ሲል ይመለስለታል።

ናፍጣው ከቤንዚኑ በ10 በመቶ የሚረክስ ከሆነ 13 ሊትሩን በ0.9 አባዙ፤ 11.7 ይሆናል። መመለሻው ወደ 132,000 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በ10 በመቶ የሚወደድ ከሆነ 14.3 ይሆንና መመለሻው ወደ 259,000 ይዘላል። ትንሽ የዋጋ ለውጥ ሒሳቡን እንዴት እንደሚገለብጠው አያችሁ? ዛሬ ማደያው ላይ ያለውን ዋጋ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ናፍጣ ቢወደድም ቢረክስም አስሉት።

ሒሳቡን ወደ ናፍጣው የሚያዘነብል አንድ ነገር አለ። ቤንዚኑ ሞተር አልቆ ከሆነ፣ እሱን ለማደስ የሚወጣው ወጪ ለማንኛውም ይወጣ ነበር። ስለዚህ ቀንሱት። እድሳቱ 3,000 ሊትር የሚያክል ከሆነ የለውጡ እውነተኛ ዋጋ 4,000 ሊትር ነው። በ4 ሊትር ትርፍ 100,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይመለሳል። በእኔ እምነት ለውጡ በነዳጅ ሒሳብ ብቻ የሚያሳምነው በአብዛኛው እዚህ ቦታ ላይ ነው፦ ሞተሩ ሲሞትና ባለቤቱ ብዙ ሲነዳ።

ከሚነገራችሁ ግምት ላይ ደግሞ ሲሶ ጨምሩ። ይህን በቅን ልብ ነው የምላችሁ። ሰባተኛው ደረጃ ላይ ያሉትን ነገሮች አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ላይ አይቆጥራቸውም።

ደረጃ 5፦ የትኛው ሞተር?

መመሪያው አንድ ነው። ፋብሪካው ራሱ በእናንተ ሻሲ ላይ የገጠመውን ናፍጣ ፈልጉ። ፋብሪካው ሱፖርቶውን (ሞተሩ የሚያርፍበትን እግር)፣ ካምፓናውን (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውን ቤት)፣ ራዲያተሩን፣ ገመዱን አስቦ ጨርሶታል። እናንተ የምትሰበስቡት የተሠራ መፍትሔ ነው።

ላንድክሩዘር 80 ከሆነ በዚያው ቦዲ 1ኤችዜድና ቱርቦ ያለው 1ኤችዲ ተገጥመዋል። ኒሳን ፓትሮል ባለ 4.2 ቤንዚኑ ቲቢ42 ከሆነ፣ በዚያው ሻሲ ቲዲ42 የተባለው 4.2 ናፍጣ አለ። አራት ሲሊንደር የድሮ ላንድሮቨር ከሆነ 200ቲዲአይ የተባለው ናፍጣ ለዓመታት የተለመደ ምርጫ ነው፤ ከድሮው 2.25 ሊትር ሞተር ዘር ስለመጣ ከድሮው ካምቢዮ ጋር ይገጥማል። ሚትሱቢሺ ፓጄሮም በፋብሪካ የወጡ 4ዲ56 እና 4ኤም40 የተባሉ ናፍጣዎች አሉት።

እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። 1ኤችዜድ የጊዜ ቺንጊያው በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ቲዲ42 በጥርስ ስለሚዞር ይህ ጭንቀት የለበትም። የመጀመሪያዎቹ 1ኤችዲዎች የቢየላ ብሮንዚና (ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ የሚዞርበት ቀጭን ሽፋን) ቶሎ የመበላት ታሪክ አላቸው፤ የምትገዙት ሞተር ላይ መቀየሩን አረጋግጡ። 4ዲ56 ሲሞቅ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) የመሰንጠቅ ስም አለው። 1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ ለመጨመር የምታስቡም ተጠንቀቁ። ቱርቦ ታስቦ ያልተሠራ ሞተር ነው። የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይኖር፣ ነዳጁም በልክ ሳይስተካከል ከተገፋ ፒስተንና ቴስታታ ይበላል።

ከሌላ ፋብሪካ ሞተር ማምጣትም ይቻላል፤ የኩሚንስና የኢሱዙ የጭነት መኪና ሞተሮች ብዙ ፎር ዊል ውስጥ ገብተዋል። ጠንካራ ናቸው። ግን ከባድ ናቸው፤ የኩሚንሱ ባለ 3.9 ሊትር አራት ሲሊንደር ብቻውን ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አዳፕተር ሳህን ይፈልጋል፣ ሻሲ ላይ ብየዳ ይፈልጋል፣ ንዝረቱም ብዙ ነው። ብየዳውን የሚሠራው ሰው እጅ ላይ ሕይወታችሁን እንደምታስቀምጡ አስቡ።

አንድ ምክር በአጽንኦት፦ ለድሮ መኪና ሜካኒካል ፖምፓ ያለውን ሞተር ምረጡ። አዲሶቹ ኮመን ሬል የሚባሉት፣ በኮምፒውተር የሚታዘዙ ሞተሮች ነዳጁን ከ1,000 ባር በላይ ይገፋሉ፣ ኢኮኖሚያቸውም የተሻለ ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ፣ ኢሞቢላይዘሩ፣ የመርገጫው ሴንሰርና ሙሉ ገመዱ አብሮ መምጣት አለበት። አንድ ሴንሰር ሲጠፋ ሞተሩ አይነሳም። ሜካኒካሉ የሚፈልገው ንጹሕ ናፍጣ፣ አየርና የማቆሚያውን ሶሎኖይድ የሚከፍት አንድ ሽቦ ነው።

ደረጃ 6፦ ከተቻለ ግማሹን መኪና ግዙ

ሞተር ብቻውን ሲገዛ ርካሽ ይመስላል። ከዚያ ዲናሞው የለም። ሞተሪኖው የለም። የአየር ፊልትሮ ቤቱ የለም። የሱፖርቶው አንድ እግር ተሰብሯል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲገዛ ርካሹ ሞተር ውድ ይሆናል። ከፊት ለፊት የተቆረጠ ግማሽ መኪና ወይም የተጋጨ ሙሉ መኪና ካገኛችሁ እሱን ግዙ። ብሎኑ ሳይቀር ይገኝበታል።

ሲነሳ ማየት ካልቻላችሁ ዋጋው ይውረድ። ማየት ከቻላችሁ ደግሞ ቀዝቅዞ ይጠብቃችሁ በሉ። እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ፤ ለብ ካለ ሌላ ቀን ኑ። የሞቀ ናፍጣ ድካሙን ይደብቃል። ሲነሳ ጭሱን እዩ። ጥቂት ነጭ ጭስ ታይቶ ቶሎ ከጠፋ ችግር የለውም። የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውኃ ነው። ሰማያዊ ዘይት ነው። ጋዝ ሲሰጠው የሚዘልቅ ጥቁር የነዳጅ መብዛት ወይም የአየር ማነስ ነው። የዘይቱን ክዳን ከፍታችሁ አፉ ላይ አስቀምጡት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ያለ ነው። ተወርውሮ ከወደቀ ቀለበቶቹ አልቀዋል። ኮምፕሬሽን የሚለካው ለናፍጣ በተሠራ መለኪያ ነው፤ የቤንዚኑ መለኪያ ያንን ግፊት አይችለውም።

ደረጃ 7፦ የሚረሱት ነገሮች

ከሁሉ በፊት ፍሬን። የቤንዚን መኪና የፍሬን ሰርቮ፣ ማለትም የእግራችሁን ግፊት የሚያግዘው፣ የሚሠራው ማኒፎልዱ በሚስበው ቫክዩም ነው። የድሮው ናፍጣ ጉሮሮው ክፍት ስለሆነ ያንን ቫክዩም አይሰጥም። የራሱ የቫክዩም ፖምፓ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ከዲናሞው ጀርባ ተለጥፎ ይዞራል። አንድ ጊዜ ሞተሩ የተቀየረ መኪና ልሞክር ገብቼ፣ ከግቢው ሳልወጣ ፔዳሉን ስረግጥ ድንጋይ የረገጥኩ መሰለኝ። መኪናው በቀስታ መሄዱን ቀጠለ። በሁለት እግሬ ተጭኜ ነው ያቆምኩት። ሞተሩን የገጠመው ሰው የቤንዚኑን መኪና ዲናሞ መልሶ አስሮበት ነበር፤ ፖምፓ የሌለውን። ቱቦው ጫፉ በፕላስተር ታሽጎ ተንጠልጥሏል። ቁልቁለት ላይ ቢሆን ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ማንም ሰው ስለ ሞተር ለውጥ ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቫክዩሙ ከየት ይመጣል?» ነው።

ቀጥሎ ማርሽ። የቤንዚኑ ሞተር 5,000 ዙር ድረስ ይሄዳል። ናፍጣው 4,000 አካባቢ ያልቅበታል። መኪናው ግን ለቤንዚኑ በተመረጠ ዲፈረንሻል ነው የሚሄደው። አስሉት። 31 ኢንች ጎማ በአንድ ዙር ወደ 2.4 ሜትር ይሄዳል። በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጎማው በደቂቃ ወደ 694 ጊዜ ይዞራል። ዲፈረንሻሉ 4.1 ከሆነና የመጨረሻው ማርሽ ቀጥታ ከሆነ ሞተሩ ወደ 2,850 ይዞራል። አምስተኛ ማርሽ 0.85 ካለ ወደ 2,420 ይወርዳል። ለትልቅ ናፍጣ ሁለተኛው ምቹ ነው። የመጀመሪያው ይጮኻል፣ ይጠጣል፣ ያሰባችሁትን ትርፍም ይበላዋል። አምስተኛ ማርሽ ከሌላችሁ የዲፈረንሻል ቅያሬን ወጪ ውስጥ አስገቡ፤ የፊቱንም የኋላውንም፣ በእኩል ቁጥር። አንዱን ብቻ ቀይሮ ፎር ዊል ማስገባት ሁለቱን ያጋጫቸዋል።

ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ማርሽ የሚቀይርበት ዙር ለቤንዚኑ የተሰፋ ነው። ከናፍጣው ጋር የመጣው ካምቢዮ ከሌለ እኔ አልገባበትም።

ነዳጅ። ታንኩ ወርዶ ይታጠብ። የናፍጣ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። የቀረ ቤንዚን ያንን ቅባት ያጥበዋል፤ ዝገትና ቆሻሻ ደግሞ ይቧጭረዋል። ታንክ ውስጥ ያለው የቤንዚን ፖምፓ ይወጣል፣ የመመለሻ መስመር ይፈተሻል፣ ውኃ የሚለይ ፊልትሮ ይገባል። የታንኩ አፍ ለቤንዚን የጠበበ ከሆነ የናፍጣው ወፍራም አፍንጫ አይገባም። ከዚያ «ናፍጣ ብቻ» ብላችሁ ክዳኑ ላይ በትልቁ ጻፉ። የቀጂው እጅ መኪናውን በመልኩ ነው የሚያውቀው።

ኤሌክትሪክ። አንዳንድ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች ሞተሪኗቸው 24 ቮልት ነው፣ መኪናችሁ ግን 12። የካንዴሌታዎቹና (ናፍጣውን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቁት) የሞተሪኖው ቮልት ከናንተ ጋር መስማማቱን ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። ትልቅ ባትሪ ያስፈልጋል፣ አንዳንዴም ሁለት። የዙር መቁጠሪያው ከእሳት ኮይል ነበር የሚያነበው፤ አሁን ከፖምፓው ወይም ከዲናሞው ይፈልጋል።

የቀሩት ቶሎ ያልፋሉ። ራዲያተሩ የናፍጣው ይሁን። ማርሚታው ሰፋ ይበል፣ ቱርቦ ካለ በተለይ። የፍሪሲዮን ዲስኩና ቮላኖው ከናፍጣው ጋር ይምጡ። አፍንጫው ከከበደ የፊት ሞላ ይጠንክር።

ደረጃ 8፦ ወረቀቱን አስቀድሙ

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የነዳጅ ዓይነት ተጽፏል። ሁለቱም ይለወጣሉ። መንጃ ፈቃድና ተሽከርካሪ የሚመዘግበው ቢሮ ምን እንደሚጠይቅ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። የጭስ ምርመራ ያለበት ቦታ ከሆነ ሞተሩ ያንን ማለፍ አለበት፤ አንዳንድ ከተሞች የድሮ ናፍጣን ጨርሶ አያስገቡም። ኢንሹራንሱም በጽሑፍ ይወቅ። ከሻጩ የሽያጭ ውልና የሞተሩን መነሻ የሚያሳይ ወረቀት ያዙ። መነሻው ያልታወቀ ሞተር የተሰረቀ ሆኖ ሲገኝ አብሮ የሚሄደው መኪናችሁ ነው።

ደረጃ 9፦ ከመካኒኩ ጋር ተስማሙ

«ሞተር ይገባል» ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ያለቀው መቼ እንደሆነ ጻፉ። ፍሬኑ ሠርቶ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ሙቀትና የዘይት መብራት አንብቦ፣ ኤሲው ቀዝቅዞ፣ በቁልፍ ተነስቶ በቁልፍ ጠፍቶ፣ ዳገት ወጥቶ ሳይሞቅ ሲመለስ ነው። ገመዱን የሚሠራው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ሥራ ቆሞ የሚቀረው ሞተሩ ከገባ በኋላ፣ ኤሌክትሪሺያን ሲጠበቅ ነው። ክፍያውን በደረጃ ከፋፍሉ፣ የመጨረሻውም ክፍያ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይሁን። ከዚህ በፊት የሠራውን ተመሳሳይ መኪና አሳየኝ በሉት፤ ባለቤቱንም ብቻውን አነጋግሩት።

ደረጃ 10፦ ወስኑ

ሞተሩ ሞቶ፣ ሻሲውና ቦዲው ዝገት ሳይነካው፣ በዓመት ብዙ የምትነዱ፣ የፋብሪካው ናፍጣ ከነሙሉ ዕቃው ከተገኘና ወረቀቱ ከተፈቀደ፣ አስገቡ። መኪናውን ቢያንስ መመለሻው እስኪደርስ ልታቆዩት ካሰባችሁ ደግሞ የበለጠ ያሳምናል። ናፍጣ በዘይት ቅያሬ አይታገሥም፤ የድሮዎቹ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይፈልጋሉ። ያንንም ተቀበሉት።

ሞተሩ ጤነኛ ከሆነና ቅዳሜና እሁድ ብቻ የምትነዱት ከሆነ ተዉት። በዚያ ገንዘብ ዓመታት ሙሉ ቤንዚን ትቀዳላችሁ። ሻሲው የበሰበሰ ከሆነም ተዉት፤ አዲስ ልብ ለአሮጌ አጥንት አይሆንም።

ሦስተኛ መንገድም አለ፣ ብዙ ጊዜም የሚያሸንፈው እሱ ነው። ያላችሁን ቤንዚን መኪና ሸጣችሁ፣ በፋብሪካ ናፍጣ ሆኖ የተሠራውን ያንኑ ሞዴል ግዙ። የሁለቱን የዋጋ ልዩነት በሊትር ቀይሩት። ከለውጡ ሊትር ካነሰ ሒሳቡ አልቋል። ፍሬኑ፣ ዲፈረንሻሉ፣ ገመዱ፣ ሊብሬው ሁሉም ገና ከፋብሪካ ተስማምቷል።

ለውጡን ከመረጣችሁ ግን የወጣውን ቤንዚን ሞተር ወዲያው አትሽጡት። ዘይት ቀብታችሁ፣ የካንዴላ ቀዳዳዎቹን ደፍናችሁ፣ ገመዱን ጠቅልላችሁ ስም ለጥፋችሁበት አስቀምጡት። ሊብሬው ላይ አዲሱ የሞተር ቁጥር እስኪጻፍና መኪናው በናፍጣ የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር እስኪጨርስ ድረስ። ያኔ እንደገና አፉ ድረስ ሞልታችሁ ለኩና፣ ቁጥሩን ደረጃ 3 ላይ ከጻፋችሁት ጎን ጻፉት።